ከጓደኛ ጋር ውጭ አገር ስትሄዱ የመጨረሻዎቹን ቀናት እንዴት ትጨርሳላችሁ? ከዱባይ እስከ ደብረ ማርቆስ

ለመሄድ ሁለት ወር ተዘጋጀን። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ ቲኬቱ፣ በሶው፣ ሽሮው ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ነበር። ለመመለስ ግን ምንም አልተዘጋጀንም።

እኔና ጓደኛዬ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አብረን ያደግን የደብረ ማርቆስ ልጆች ነን። ታኅሣሥ ላይ ለአሥር ቀን ዱባይ ሄድን። ሰባቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ አላወቅነውም። ችግሩ ሁሉ የተጠራቀመው መጨረሻ ላይ ነው። ድካም አለ። ብር እያለቀ ነው። ሻንጣው አልዘጋ ብሏል። ከአገር ቤት "እንዲህ ያለ ነገር አምጪልኝ" የሚለው ስልክ በዝቷል። የሃያ ዓመት ጓደኛሞች የሚቀያየሙት እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። እኛም ለትንሽ ነው የተረፍነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሆነው ለሚጓዙ ሰዎች ስመክር የምነግራቸውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ምሳሌዎቹ የዱባይ ናቸው። ናይሮቢም ኢስታንቡልም ብትሄዱ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

አንድ፦ ቲኬቱን በእኛ ሰዓት ጻፉት

ይህን መመለሻው አራት ቀን ሲቀረው አድርጉት። ወረቀት አውጡና ሁለታችሁም ጻፉ።

የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የፈረንጅ ቀን ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። የእኛ ቲኬት "ማክሰኞ 00:55" ይላል። ሁለታችንም በልባችን "ማክሰኞ ነው የምንሄደው" ብለን ይዘናል። ሰኞን ሙሉ ለገበያ መድበን፣ ሻንጣውን ማክሰኞ ጠዋት ልናዘጋጅ አስበናል።

እሑድ ማታ ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታይ ድንገት ዝም አለች።

"ምነው?" አልኳት።

"ይሄ እኮ ሌሊት ነው። ለማክሰኞ አጥቢያ። ነገ ማታ ኤርፖርት መሆን አለብን።"

እሷ ባታየው ኖሮ ማክሰኞ ጠዋት ተኝተን ስንነሳ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ከፈረንጁ ሰዓት ላይ 6 ቀንሱ። ሰዓቱ ከ6 በታች ከሆነ ደግሞ 6 ጨምሩ። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 አንሱለት። 00:55 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ55 ነው። ኤርፖርት ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ መድረስ አለባችሁ። ስለዚህ ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ሳይሆን እዚያ መገኘት ነው። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ይህ ነው፦ "ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ኤርፖርት።" ሌላውን ሁሉ ከዚህ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ አውጡት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቲኬቱ ላይ ያለው መነሻ ሰዓት የዱባይ፣ መድረሻው የአዲስ አበባ ነው። አንዳችሁ የእጅ ሰዓታችሁን በአገር ቤት ሰዓት ከተዋችሁት አሁኑኑ አስተካክሉት።

እግረ መንገዳችሁን የቪዛውን ማብቂያ ቀንም እዩ። ቪዛው ካለፈ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይታሰባል። እሱን ኤርፖርት ላይ ማወቅ ልብ ይሰብራል።

ሁለት፦ ሂሳቡን እዚያው ዝጉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። የጉዞ ሂሳብ ካልተዘጋ አገር ቤት ገብቶ ይደርቃል። እዚያ "አርባ ድርሃም አለብሽ" ማለት ቀላል ነው። ደብረ ማርቆስ ከገባችሁ በኋላ፣ እንግዳ እየመጣ ቡና እየተፈላ፣ ማን አፉን ከፍቶ ይናገራል? ሆድ ውስጥ ይቀራል። ሆድ ውስጥ የቀረ ነገር ደግሞ በሌላ ቀን በሌላ ሰበብ ይወጣል።

በስምንተኛው ቀን ማታ ጓደኛዬ መብራቱን አጥፍታ ከተኛች በኋላ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረች "ታክሲውን ሁልጊዜ የምከፍለው እኔ ነኝ። አላየሽም?" አለችኝ። አላየሁም ነበር። ሆቴሉን የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ ከእሷ የበለጠ ያወጣሁ ይመስለኝ ነበር። እሷ ደግሞ በየቀኑ ከቦርሳዋ ስታወጣ የምታየው የራሷን እጅ ነው። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ሁለታችንም ደግሞ ቅር ብሎን ነበር። ተነስቼ መብራቱን አበራሁና ደብተር አወጣሁ።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ለሁለታችሁ በጋራ የወጣውን ብቻ ጻፉ፤ የግል ግዢ አይገባም። አንዷ ለሆቴል 1,400፣ ለምግብ 310 ድርሃም ከፍላለች እንበል። ድምሩ 1,710 ነው። ሌላዋ ለታክሲና ለምግብ 620፣ ለመግቢያ ቲኬቶች 180 ከፍላለች። ድምሩ 800 ነው። የሁለቱ 2,510 ይሆናል። ለሁለት ሲካፈል 1,255። ስለዚህ 800 የከፈለችው 455 ድርሃም ለጓደኛዋ ትሰጣለች። አለቀ።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። መጀመሪያ፣ ዕዳው በወጣበት ገንዘብ ይከፈል፤ በድርሃም የወጣ በድርሃም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ስለሆነ፣ "አገር ቤት ገብተን በብር እንተሳሰባለን" ካላችሁ በየትኛው ቀን ምንዛሪ የሚል አዲስ ክርክር ትከፍታላችሁ። ድርሃም ግን ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ ነው። ጥሬ ድርሃም ካለቀባችሁ በዶላር ተከፋፈሉ። ሁለተኛ፣ ሳንቲም ድረስ አትውረዱ። የአንድ ሻይ ዋጋ ቢጎድል ይጉደል።

ሂሳቡ ሲያልቅ ሁለታችሁም ደብተሩን በስልክ ፎቶ አንሱት። እኛ ያን ሌሊት ከዘጋን በኋላ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስንስቅ አመሸን። ከጉዞው ሁሉ የማልረሳው ሌሊት እሱ ነው።

ሦስት፦ የስጦታ ዝርዝራችሁን አስተያዩ

ሁለታችሁም የምትመለሱት ወደ አንድ ከተማ፣ ምናልባትም ወደ አንድ ሰፈር ነው። እንኳን ደህና ገባችሁ ለማለት የሚመጡት ሰዎችም አንድ ናቸው። አንዷ ለጎረቤት ሽቶ ሰጥታ ሌላዋ ቴምር ብትሰጥ፣ በማግስቱ ሰፈሩ ያወዳድራል። እናንተ ሳታውቁ አንዳችሁ ቆንቋና ትባላላችሁ።

ስለዚህ ዝርዝሩን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የጋራ የሆኑትን ሰዎች አክብቡ። ለእነሱ አንድ ዓይነት ነገር ግዙ፣ ወይም ሁለታችሁ አዋጥታችሁ አንድ ደህና ነገር ግዙና በሁለታችሁ ስም ስጡ። እኛ ለቀድሞ አስተማሪያችን እንዲህ አድርገን አንድ ብርድ ልብስ ወሰድንላቸው። ከሁሉም ስጦታ በላይ ያማረው እሱ ሆነ።

ቴምር ለብዙ ሰው ይበቃል፤ የጾም ነው፤ አይሰበርም። ሽቶ ይወደዳል ግን ይፈሳል። ጫማ የእግር ቁጥር ካልያዛችሁ አትሞክሩት።

ወርቅ የምትገዙ ከሆነ እስከ መጨረሻው ቀን አታቆዩት። ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ያለው የወርቅ ገበያ ውስጥ የዕለቱ የግራም ዋጋ በ24፣ በ22፣ በ21 እና በ18 ካራት ተለይቶ ተጽፎ ይታያል። የግራሙ ዋጋ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የእጅ ዋጋው ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ጠንክራችሁ ተከራከሩ። ውስጡ ያለውን ማህተም በዓይናችሁ እዩ። 22 ካራት 916፣ 21 ካራት 875፣ 18 ካራት 750 ተብሎ ይመታል። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ተለይቶ ይጻፍ። እዚህ ላይ ጓደኛ ትልቅ ጥቅም አላት። አንዷ ስትገዛ ሌላዋ ዝም ብላ ሚዛኑን ትይ። ሻጩ ሲያወራ ገዢዋ የምታየው ፊቱን ነው።

ስለ ቫትም ልንገራችሁ። በዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ቫት አለ። ጎብኚ ከሆናችሁ፣ ከአንድ ሱቅ ቢያንስ 250 ድርሃም ከገዛችሁና ሱቁ በታክስ ተመላሽ አሠራር ውስጥ ካለ፣ አብዛኛውን ታስመልሳላችሁ። ግን የሚመዘገበው ስትገዙ ነው። ፓስፖርታችሁን አሳይታችሁ "የታክስ ተመላሽ" ብላችሁ ካልጠየቃችሁ በኋላ አይሆንም። ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ አጠራቅሙ። ሁለታችሁ ብትሆኑም ፖስታው የየራስ ይሁን፤ ተመላሹ በፓስፖርት ስም ነውና።

አራት፦ አደራ ስትቀበሉ

ይህ ለእኛ አገር ሰው የግድ ይመጣል። ዱባይ ውስጥ የጎጃም ልጅ ብዙ ናት። ሰው ቤት ትሠራለች፣ እናቷን ካየች ዓመታት ሆኗታል፣ እናንተ ልትመለሱ እንደሆነ ሰምታለች። እምቢ ማለት አይቻልም። ደግሞም አይገባም። ግን አደራ ሥርዓት አለው።

እኛ ናይፍ በሚባል የዱባይ ሰፈር አንዲት የቢቸና ልጅ አገኘን። ለእናቷ ጥቁር ጫማና ወፍራም ሹራብ ይዛ መጣች። ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቃበታለች፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ። "እህቴ፣ ከፍተን እንየው፣ አትቀየሚኝ" አልኳት። "ኧረ እኔው እፈታዋለሁ" ብላ መሬት ተቀምጣ ገመዱን ፈታችው። ጋዜጣውን ከጫማው አውጥታ አሳየችን። መልሳ ጠቀጠቀችው። የተረፈንን በሶ በፌስታል ስንሰጣት አፍንጫዋ ሥር አድርጋ አሸተተችው። ብዙ አልተናገረችም።

ደንቡ አራት ነው። አንደኛ፣ ያላያችሁትን ዕቃ አትያዙ። ታሽጎ የመጣ ይከፈት። ሻንጣችሁ ውስጥ የተገኘ ነገር በሕግ ፊት የእናንተ ነው፤ "የሰው ነው" ማለት አያድንም። አይከፈትም የሚል ሰው ካለ በትሕትና መልሱለት። ሁለተኛ፣ አደራ የምትቀበሉት ሁለታችሁም ባላችሁበት ይሁን። ሦስተኛ፣ የተቀባዩን ስልክና ከተማ ዕቃው ላይ ለጥፉ፣ ሰጪዋ እያየች ደግሞ ደውሉ። እኛ እዚያው ደውለን ከእናቷ ጋር አገናኘናት። አራተኛ፣ በኪሎ ወስኑ። ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ ካላችሁ ለሁሉም ሁለት ኪሎ ነው። ደግሞ ጓደኛችሁን ሳትጠይቁ በእሷ ኪሎ ቃል አትግቡ።

አምስት፦ ሻንጣውን ከነገው ዛሬ መዝኑ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ኤርፖርት ውስጥ በዓይን ይታያል። ወለል ላይ ሻንጣ ከፍቶ ልብስ የሚያወጣ ሰው አይታችሁ ይሆናል። እንደዚያ ላለመሆን አንድ የእጅ ሚዛን ግዙ። ሻንጣው እጀታ ላይ ታስሮ ወደ ላይ የሚነሳው ዓይነት ነው። ርካሽ ነው፣ አገር ቤትም ይጠቅማል።

የእኛ ቲኬት ለእያንዳንዳችን ሁለት ሻንጣ ይፈቅድ ነበር፣ አንዱ ከ23 ኪሎ ሳይበልጥ። የእናንተ ሊለይ ስለሚችል ቲኬቱን አንብቡ። የእኔን ትልቁን ሻንጣ ስናነሳው ሚዛኑ 27.4 አለ። የእሷ 18.8። ብርድ ልብሱንና ሁለት ካርቶን ቴምር ወደ እሷ አዛወርን። የእኔ 22.5 ሆነ። የእሷ ወደ 23.7 ወጣ። አንዱን ካርቶን ወደ እጅ ሻንጣ ስናወጣ ሁሉም ልክ ገባ።

ዕቃ ስትቀላቅሉ ምን የት እንዳለ ጻፉ። ደግሞ እያንዳንዳችሁ አንድ ቅያሪ ልብስ በጓደኛችሁ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጡ። አንዱ ሻንጣ ቢዘገይ የምትለብሱት አታጡም።

ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በእጅ ነው የሚያዘው፣ አቅሙ ከ100 ዋት-ሰዓት (Wh) ሳይበልጥ። ገበያ ላይ ያለው የ10,000ም የ20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓትም (mAh) በዚህ ውስጥ ነው። ሽቶ፣ ቅባትና ማንኛውም ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥ። ትልቁን ሽቶ በሹራብ ጠቅልላችሁ የሚጫነው ሻንጣ መሀል ላይ አድርጉት። ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ ገንዘብና መድኃኒት ሁልጊዜ በእጅ።

ፎቶም ዛሬ ማታ ተላላኩ። "አገር ቤት ገብተን እልክልሻለሁ" የተባለ ፎቶ አይላክም። የሆቴሉ ዋይፋይ ነጻ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ኔት እንደልብ አይደለም። ቴሌግራም ላይ በፋይል አድርጋችሁ ላኩት፣ ጥራቱ አይቀንስም።

ስድስት፦ የመጨረሻው ቀን

ሆቴሉን ሌሊት የምትሄዱ ቢሆንም ቀን 6 ሰዓት ገደማ ልቀቁ ይሏችኋል። ሻንጣችሁን ሪሴፕሽን አስቀምጣችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ስትወጡ ለቱሪስት የሚባል ክፍያ ሊጠይቋችሁ ይችላል። እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ነው። በሕግ ያለ ክፍያ ነው፤ ስታስይዙ ተከፍሎ እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ሳናስበው ስለመጣብን ለታክሲ የያዝነውን ነካን። ስትገቡ ያስያዛችሁት ገንዘብ ካለም ተቀበሉ።

ትልቅ ነገር ለዚህ ቀን አታስቀሩ። ቡርጅ ኸሊፋ፣ 828 ሜትሩ ሕንፃ፣ መግቢያው በተቆረጠ ሰዓት ነው። በመጨረሻው ቀን ሰዓት እየቆጠራችሁ ከላይ ሆናችሁ ምን ይታያችኋል?

ግማሽ ቀን ተለያዩ። አሥር ቀን አንድ ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ትንሽ አየር ይፈልጋል፤ ይህ መጣላት አይደለም። እኔ የቀረኝን ገበያ ሄድኩ። እሷ ዴራና ቡር ዱባይን በምታገናኘው አብራ ጀልባ ለብቻዋ ተሻገረች፤ አንድ ድርሃም ነው። ማታ 12 ሰዓት ስንገናኝ ስለ ውሃው ሽታና ስለ ወፎቹ ስታወራ ፊቷ ሌላ ነበር። "እንደ ጣና አይደለም፣ ግን ውሃ ውሃ ነው" አለችኝ።

የቀራችሁን ሳንቲም ጨርሱት። አገር ቤት ወረቀቱ ይመነዘራል፣ ሳንቲሙ ግን መጫወቻ ነው የሚሆነው።

ሰባት፦ ኤርፖርት

የዱባይ ኤርፖርት ሦስት ተርሚናል አለው። ቁጥሩን ከቲኬቱ አንብባችሁ ለታክሲው ሹፌር ንገሩት። ሜትሮ ርካሽ ነው፤ ግን ትልልቅ ሻንጣ ይገድባል፣ ሌሊትም ይዘጋል። ሻንጣ ከበዛ ታክሲ ያዙ።

ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። የቫት ተመላሹ የሚረጋገጠው ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት ነው። ዕቃውን አሳዩ ሊሏችሁ ይችላሉ። ሻንጣው ከገባ በኋላ ብትጠይቁ የምታሳዩት የለም። ከዚያ ሻንጣ ስታስረክቡ የሚለጠፍበትን ወረቀት አንብቡ። ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን የምትቀጥሉ ከሆነ ሻንጣው አዲስ አበባ ነው የሚወርደው ወይስ ባሕር ዳር ብላችሁ ጠይቁ።

ፓስፖርት የየራስ ይያዝ። "እኔ ልያዝልሽ" የሚባል ነገር የለም። አንዷ መጸዳጃ ቤት ስትገባ ሌላዋ ዕቃ ጋ ትቁም።

ስምንት፦ ከቦሌ እስከ ቤት

ጉምሩክ ላይ ደረሰኞቻችሁ እጃችሁ ላይ ይሁኑ። አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ከያዛችሁ ለንግድ ነው ተብሎ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ በዝርዝር ተናገሩ፤ አትደብቁ።

አዲስ አበባ አንድ ሌሊት እደሩ። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው በዚያው ጠዋት 300 ኪሎ ሜትር መንገድ ባይጀምር ይሻላል። ሻንጣም ይረሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ደብረ ማርቆስ ወዳለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰላም ነው ከተባላችሁ በማለዳ ተሳፈሩ፤ ዓባይ በረሃን በቀን ብርሃን እለፉ።

አደራውን መጀመሪያ አድርሱ። የራሳችሁን ሻንጣ ሳትፈቱ። ወደ ቢቸና የሚሄደውን እኛ ቤት አላስገባነውም። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንጀምር ደወልን። ድልድዩን አልፈን፣ ያን ዳገት ወጥተን ደጀን ስንደርስ የልጅቷ ወንድም መኪና መቆሚያው ጋ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ፌስታሉን ተቀብሎ እዚያው ከፈተው። ጫማውን አውጥቶ በእጁ መዘነው። ጋዜጣው አሁንም ውስጡ ነበር። ጓደኛዬ በመስኮት ፎቶ አነሳችውና ኔት ሳይጠፋ ወደ ዱባይ ላከችላት።